የዝሆኗ እንግዴ ልጅ

ያን ዕለት ሽታው ያልሸተተው ሰው አልነበረም። አልሸተተኝም የሚል ካለ የታመመው አፍንጫው ሳይሆን ምላሱ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ሽታው ራሱ አይደለም። ሽታው መሐል ተቀምጦ ሥጋ የጋጠው፣ ጣቱን የላሰው፣ «ሌቶይዬ ከብትህ ይብዛ» ብሎ የመረቀው ያ ሁሉ የተከበረ ሽማግሌ ነው።

ለቁሻሻ እንኳ አዲስ አይደለሁም። ስሜ ናሲዬኩ ነው፤ እናት የሌላቸው የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት ማሳደጊያ ውስጥ እሠራለሁ። ወተት እበጠብጣለሁ፣ በጡጦ አጠጣለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ አጠገባቸው ተኝቼ አድራለሁ። ተቅማጥ የያዘው ግልገል ጭኔ ላይ ለቆብኝ፣ እጄን አብሼ ሻዬን የጠጣሁበት ቀን ብዙ ነው። ልጆች ወልጃለሁ፤ ያዋለድኳቸው ፍየሎችማ ቁጥር ስፍር የላቸውም። ስለዚህ «ሴትዮዋ ቅንጡ ናት» እንዳትሉኝ። የሚያስጠላኝን ነገር ለይቼ ነው የምጠላው።

ሌቶይዬ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ባሌ የተረፉትን ከብቶች ይዞ ሳር ፍለጋ ሩቅ ስለወረደ፣ በአንዱ የእሾህ አጥራችን ውስጥ የቀረነው እኔና ፍየሎቼ፣ አሮጊቷ አማቴ፣ ሌቶይዬና ሁለቱ ጎረምሳ ልጆቹ ነን። ድርቁ የሌቶይዬን ከብቶች አንድ ሳያስቀር ጨረሰበት። ያኔ አዝኜለታለሁ፤ መዋሸት አልፈልግም። በኛ በከብት አርቢዎቹ ሳምቡሮች ዘንድ ከብት የሌለው ወንድ ጉባኤ መሐል ይቀመጣል እንጂ አይናገርም። እሱ ግን ዝም ማለት አልተፈጠረለትም። ባዶ በረቱን በየማለዳው ይጠርገዋል፤ ምን ሊጠርግ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስለሞቱት ላሞቹ እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራ ያወራል።

ለማሳደጊያው ስልክ የደወለውም እሱ ነው። የውሃ ጉድጓዳችን ውስጥ የዝሆን ግልገል ወድቃ አገኘሁ አለ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ የምንቆፍራቸው ጉድጓዶች ጥልቅ ናቸው፤ ዝሆኖች ሊጠጡ ሲመጡ ትንንሾቹ አንሸራቷቸው ይገባሉ። መኪናችን ሄዳ አመጣቻት። ሌቶይዬ ከኋላ መጫኛው ላይ ተቀምጦ አንገቷን አቅፏል፤ ሙሽራ ይዞ የሚመጣ ሚዜ ይመስል ነበር። ግልገሏ ገና አልደረቀችም። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተጣብቀዋል፣ እትብቷ ቀይና እርጥብ ነው፣ ቆማ ትንገዳገዳለች።

የማሳደጊያችን ሐኪም ዶክተር ኬንዲ ናት፤ የሜሩ ጎሳ ልጅ ናት፣ ነገር የማይገባት ሰው አይደለችም። እትብቱን ገልጣ አየችና ይቺ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው የተወለደችው አለችው። እናቷስ? ሌቶይዬ፣ መንጋው ሳይነጋ ወደ ተራራው የወጣበትን ዱካ አይቻለሁ፣ እናትየዋ ጥላት ሄዳለች አለ። ገና የተወለደች ልጅ ጉድጓድ ድረስ በምን እግሯ መጣች ብላ ስትጠይቀው ግን ሳቀ።

«ዶክተር፣ እኔ አዋላጅ ነኝ እንዴ? ያገኘሁትን አመጣሁልሽ፤ ሌላውን እሷኑ ጠይቂያት።»

የከበበው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ማለቴ አልቀረም፤ ሰውየው አፍ አለው። ኬንዲ ግን ጠባቂዎቹን ወዲያው ወደ ተራራው ሰደደቻቸው። እናቷን ካገኘናት ዛሬ ወይ ነገ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወተቷም ይደርቃል፣ እሷም ተስፋ ቆርጣ ትሄዳለች አለችኝ። ጠባቂዎቹ ቀኑን ሙሉ ተራራውን ሲያስሱ ውለው ከደረቀ ፋንድያ በቀር ምንም ሳያዩ ተመለሱ።

ግልገሏ ጡጦውን አልቀበል አለች። ክርኔን ትጠባለች፣ የጆሮዬን ጫፍ ትጠባለች፣ የመኪናውን ጎማ ትጠባለች፤ ጡጦው ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። እንገር ያላገኘ ልጅ ምን እንደሚሆን ፍየል ያረባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወተት በባልዲ ቢቀርብለት ሆዱ አይችለውም፤ ቀን ቆጥሮ ይሞታል። ኬንዲም ይህንኑ ነው የነገረችኝ። «የፍየሉም የዱቄቱም ወተት እንገር አይሆንም። መርፌ እወጋታለሁ፣ ግሉኮስ እሰጣታለሁ፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ ሆነው መጥተው የተረፉልኝን አላስታውስም።» በማግስቱ ተቅማጡ ጀመራት። ቢጫ ነው፣ ሽታው አፍ ውስጥ ይገባል። አጠብኳት፣ መልሳ ለቀቀችው፣ መልሼ አጠብኳት።

በዚሁ መሐል እንግዶች መጡ። ማሳደጊያውን ከሚረዱት ፈረንጆች ናቸው፤ ሽቷቸው ከነሱ ቀድሞ ይደርሳል። ግልገሏን ማን እንዳተረፋት ሲጠይቁ ሌቶይዬ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ዶቃውን ደርድሮ ከፊት ተገኘ። ጣቱን አፏ ውስጥ ከቶ ፎቶ ተነሳ። ያቺ ሚስኪን ጣቱን ስትጠባ እንግዶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ስም አውጣላት ሲሉት የራሱን ስም ሰጣት፤ ሴት መሆኗን እንኳን ልብ ብሎ አላየም። ብርድ ልብስ ሸለሙት። ለመንደሩ ደግሞ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፍየል ጥሎ ድግስ ደገሰ፤ ፍየሏን ከሚስቱ ወገኖች ነው የተበደራት።

እኔ በየቀኑ ከሰዓት ወደ ቤት ሄጄ ፍየሎቼን አልባለሁ። የዚያን ቀንም ግልገሏን ለተረኛዋ አስይዤ ሄድኩ። ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለሁ ሽታው ተቀበለኝ። የሞተ ከብት ሽታ አይደለም፤ ድርቁ ያን ሽታ በደንብ አስተምሮናል። ይሄኛው ጣፋጭ ነገር ያለበት፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ግማት ነው። ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ከሌቶይዬ በረት ፊት ለፊት በየበርጩማቸው ተቀምጠዋል፤ ሥጋው ቅጠል ላይ ተዘርግቷል፤ የዝንቡ ብዛት ሌላ ነው። አንዱ ዝንቡን በእጁ እያባረረ፣ በሌላው እጁ ጎድን እየጋጠ ስለ ዝናብ ያወራል። ምን ሸተተ ያለ የለም። ሰላም አልኳቸው፣ ሰላም አሉኝ። አፍንጫዬን ስይዝ ያየኝ ሁሉ ዓይኑን ሰበረ።

ያን ጊዜ ነው የሌቶይዬን ውሾች ያየኋቸው። በገመድ ታስረዋል። በኛ አገር ውሻ አይታሰርም፤ ጅቡን ማን ሊያባርር ነው? ሁለቱም አንገታቸውን ወደ በረቱ በር ዘርግተው ምራቃቸው ይንጠባጠባል። በበሩ ሥር ያለው አፈር ደግሞ ተቆፍሮ የተመለሰ ነው፤ ላዩ ላይ የላም ቆዳ ተነጥፎበታል። ላም በሌለበት በረት።

ነገሩ የገባኝ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነው። አማቴ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የምትነግረኝ ታሪክ ነው። የዝሆን እንግዴ ልጅ አግኝቶ በረቱ በር ሥር የቀበረ ሰው፣ ከብቱ እንደ ምስጥ ይረባል። አባቷ በወጣትነቱ አግኝቶ ነበር። ዝሆኗ ስትወልድ አይቶ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ፀሐይ እያቃጠለው ተርቦ ዋለ፤ ልጇን አስነስታ፣ አጥብታ፣ በገዛ ፈቃዷ ትታው እስክትሄድ ድረስ አልወረደም። የሚነሳው ዝሆኗ የተወችው ብቻ ነው። ያገኘው ሰው ለማንም አይናገርም፤ ያወቀበትም ሰው ዝም ይላል። የተናገረ እንደሆነ የራሱ በረት ይራቆታል ይባላል። ሽማግሌዎቹ ዝንብ እየዋጡ ዝም ያሉት እንግዲህ ለዚህ ነው። እያንዳንዳቸው ስለ ገዛ ፍየላቸው እየፈሩ ነበር።

ቆዳውን በእግሬ ገፋሁት፣ አፈሩን በእጄ ጫርኩት። የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ አፉ በሲባጎ ታስሯል። ፈታሁት። ውስጡ ያለውን አልዘረዝርላችሁም፤ የሚያህለውን ብቻ ልንገራችሁ፣ አንድ ሰው ተቸግሮ ነው የሚሸከመው። ያስደነገጠኝ ግን ሥጋው አልነበረም። ከሥጋው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ የተቃጠለ ጎማ። ጆንያው ጥላሸት ብቻ ነው። የሌቶይዬ ልጆች ሞተር ብስክሌት አላቸው፤ ዝሆን ከአትክልት የሚያባርሩት ጎማ አቃጥለው፣ ሞተሩን እያስጮሁ፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ ነው። ስለዚህ አልጠበቀም። ዛፍ ላይ አልወጣም። ገና አምጣ የወለደችን እናት፣ ልጇ ቆማ መሄድ ሳትችል፣ በእሳትና በሞተር አሳዶ ነው የወሰደው። ጉድጓድ የሚባልም ነገር አልነበረም።

ቀና ስል ከኋላዬ ቆሟል። እጁ በጮማ ያብረቀርቃል።

«እናቷ የታለች፣ አያ ሌቶይዬ?» አልኩት።

ዝም ሊል ይችል ነበር። ቢያፍር ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይህን አላወራም ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው፤ ሳቀብኝ።

«ተረቱን ረሳሽው? ከሰው ጋር ትኖር የነበረችውን ዝሆን ከቤታችን ያባረራት ማን ሆነና? ሴት አይደለችም? ድሮ እንጨት ስታመጣላት፣ ይሄ ቀጭን ነው፣ ያ ወፍራም ነው እያለች ነዝንዛ ነዝንዛ አይደል ጫካ ያስገባቻት? አሁን አንቺ አስታራቂ ልትሆኚ ነው?»

«ልጅቷ እየሞተች ነው። እናቷ ወዴት ሄደች?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያኔ የተናገረውን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። «ናሲዬኩ፣ እስቲ እንደ ሰው እናውራ። ምን ጎደለባት? ወተት ትጠጣለች፣ ብርድ ልብስ ትለብሳለች፣ ሐኪም አላት። የኔን ልጆች ሐኪም አይቷቸው ያውቃል? ደግሞስ እናት የሌለው ግልገል ባይኖር አንቺ ምን ትበዪ ነበር? እንጀራሽን እኮ ነው ያመጣሁልሽ።»

የሚያስጠላ ሰው የሚናገረው ሁሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ይሄ ግን ግማሹ እውነት ነው፤ ያ ግማሽ እውነት ከጆንያው ይልቅ ገማኝ። ከብቶቹ ሲያልቁ ማን ደረሰለት? ልጆቹ ሲታመሙ የትኛው እንግዳ እንባውን ጠረገ? ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩም እዚያው እፊቴ ቆሞ ጣቱን ሲልስ ሳየው፣ ያቺ ግልገል የጠባችው ጣት ትዝ አለኝና ተጠየፍኩት። ከተናገርሽ የፍየሎችሽን ነገር አስቢበት ብሎ ጨመረልኝ። ያን ሲል ፊቱ የእውነት የተጨነቀልኝ ነበር የሚመስለው።

ወደ ድግሱ ተመለስኩና አማቴ ፊት ቁጢጥ አልኩ። ጥርስ የላትም፤ የፍየሏን ጮማ በድዷ ታላምጣለች። «ዝም አይነቅዝም» ማለት ትወዳለች፤ አብዛኛው ዕድሜዋም እንደዚያው አልፏል። እኔ ሌሊቱን ማሳደጊያው ስላደርኩ የሰማሁት የለም። እሷ ግን እንቅልፍ የላትም።

«እማማ፣ ትናንት ሌሊት ምን ሰሙ?»

ወንዶቹ ሁሉ ማላመጣቸውን አቆሙ። አሮጊቷ ልጇን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ አፏ ውስጥ ያለውን ጮማ እጇ ላይ ተፋችና ለውሾቹ ወረወረችው።

«ታችኛው ወንዝ ናት» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ስትጣራ ነው ያደረችው። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት እንዴ? እነዚህ ሁሉ ጆሮ የላቸውም?»

ማንም ቀና አላለም። ሥጋቸውን ያያሉ። ታችኛው ወንዝ ከተራራው ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ጠባቂዎቹ ተራራ ለተራራ ሲንከራተቱ እናትየዋ ከመንደሩ በታች ቆማ ልጄን እያለች ነበር፣ ይሄ ሁሉ ሰው ደግሞ ብርድ ልብሱን እየተከናነበ ሰምቷታል። ሲነጋም ተነስቶ ድግስ መጥቷል። ከሌቶይዬ የባሰ ያስጠሉኝ ያን ጊዜ እነሱ ናቸው። እሱስ ቢያንስ ከብት ፈልጎ ነው፤ እነሱ የፈለጉት ጎድን ነው።

ጆንያውን እየጎተትኩ አወጣሁትና እንደ ውሃ ጀሪካን በግንባሬ ማንገቻ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት። ለምን እንደወሰድኩት ያን ሰዓት በደንብ አላሰብኩበትም፤ እዚያ ልተወው አልቻልኩም፣ ያ ብቻ ነው። ሌቶይዬ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ሽማግሌዎቹ እያዩት የደበቀውን ዕቃ መልሺልኝ ማለት አይችልም። ባዶ በረቱ በር ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ አጎንብሼ ስወጣ ከጆንያው የሚወርደው ፈሳሽ ሽርጤን አልፎ እግሬ ድረስ ይንጠባጠብ ነበር፤ ዝንቡም ተከተለኝ።

እስከ ማሳደጊያው የሄድኩት እየተፋሁ ነው። ኬንዲ ስታየኝ መጀመሪያ የቆሰልኩ መስሏት ሮጠች፤ ከዚያ ሽታው ደረሳትና ባለችበት ቆመች። ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ቁልፉን አምጪ» አለችኝ። ግልገሏ ተጋድማ ነበር፤ ኩምቢዋ መሬት ላይ እንደ ገመድ ተዘርግቷል። አራት ሆነን አንስተን ፒክአፑ ላይ ጫንናት። ጆንያውንም ካጠገቧ ጫንኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ታችኛው ወንዝ ደረስን። እናትየዋ እውነትም እዚያ ናት፤ ገና ልጅ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇ ሳትሆን አትቀርም። አንዲት ትልቅ ዝሆን አጠገቧ ቆማ ትጠብቃታለች። ከጡቷ ወተት ራሱ እየወረደ የፊት እግሮቿን አርሷቸዋል። ያን እንገር አሸዋው ሲጠጣው አየሁና በዚያ ሁሉ ድርቅ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ኬንዲ የፈራችው ሌላ ነው። ግልገሏ እኛን እኛን ትሸታለች፤ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ የዱቄት ወተት፣ የእንግዶቹ ሽቶ፣ የሌቶይዬ ጣት። ብትገፋትስ? ብትረግጣትስ? በእናትየዋ ፋንድያ እንሻት አለችኝ። እኔ ደግሞ ፍየሎቼ ትዝ አሉኝ። ግልገሏን አልቀበልም የምትል ፍየል ስትገጥመን፣ ግልገሉን በራሷው እንግዴ ልጅ አሽተን ነው የምንሰጣት፤ የትኛዋም ሴት የምታደርገው ነው። ጆንያውን ፈታሁት።

በሁለት እጄ እያፈስኩ ቀባኋት። ጀርባዋን፣ ሆዷን፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ አፏ ዙሪያ። ሥጋው ከጣቴ መሐል እየሾለከ ይወድቃል፣ ትል ጀምሮታል። ኬንዲም እጅጌዋን ሰብስባ ከኔ ጋር ትቀባለች፤ በየመሐሉ ዞር ብላ ታስታውካለች፣ አፏን በትከሻዋ ጠርጋ ትመለሳለች። ስንጨርስ የተረፈውን አጠገቧ ዘርግፈን፣ ነፋሱ ወደ እናትየዋ በሚነፍስበት በኩል ትተናት መኪናው ውስጥ ገባን።

እናትየዋ ኩምቢዋን አነሳች። መጀመሪያ ወደ እኛ ነው የመጣችው፤ ጆሮዋን ዘርግታ፣ አቧራ እየቦነነ። ኬንዲ ሞተሩን አላስነሳችም፤ የሞተር ድምፅ ምን እንዳደረጋት ሁለታችንም እናውቃለን። ግማሽ መንገድ ላይ ሽታው ደረሳትና ቆመች። ዞረች። ግልገሏ ጋ ስትደርስ ከራሷ እስከ ጭራዋ በኩምቢዋ ዳበሰቻት። ከዚያ ያን ክፉ ክምር አሸተተች፣ ቆየችበት፣ እንደገና ልጇን አሸተተች። ሁለቱን ስታመሳክር የምታስብ ነበር የምትመስለው። በመጨረሻ የፊት እግሯን ከልጇ ሆድ ሥር አስገብታ አነሳቻት። ወደቀች። አነሳቻት። ትልቋም መጥታ ከወዲያ በኩል ደገፈቻት። ያቺ ጡጦዬን እምቢ ያለች አፍ ጡቷን ስታገኝ ከሩቅ ታየን።

ኬንዲ መሪው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። እኔ በመስኮቱ በኩል ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣሁ። እናትየዋ ክምሩ ላይ በእግሯ አሸዋ በተነችበትና ከትልቋ ጋር ልጇን በመሐል አድርገው ቀስ ብለው ወንዙን ተከትለው ሄዱ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በማግስቱ ሌቶይዬ እንግዶቹ ዘንድ ሄዶ እናቷን ፈልጌ ያገኘኋት እኔ ነኝ አላቸው፤ ፎቶም ተነሳ፣ በዚያ ብርድ ልብስ። ኬንዲ እውነቱን ብትናገርም እንባቸውን ጠርገው የጨረሱ ሰዎች መልሰው መስማት አይፈልጉም። ወዲያው ከልጆቹ ጋር ታችኛው ወንዝ ወርዶ ከእንግዴ ልጁ የተረፈውን ሲፈልግ ዋለ። ጅብና ጥንብ አንሳ አሸዋውን ሳይቀር ልሰውት ኖሯል።

ከዚያ እኔ ጋ መጣ። ፍየል እያለብኩ ነበር። ግልገሏ ኖረች ወይ ሞተች ብሎ አልጠየቀኝም። «ለራስሽ ያስቀረሽው የለም? ትንሽም ብትሆን» አለኝ፤ በዚህ ጊዜ ሳቁ የለም፣ የለማኝ ድምፅ ነው። ቅሉን አንስቼ ወተቱን ልደፋበት አሰብኩ፤ ለወተቱ አዘንኩና ተውኩት። እሱ ሲሄድ ሌሎቹ መጡ። ያ ዝንብ እያባረረ ጎድን ሲግጥ የነበረው ሽማግሌ የማሳደጊያው ፒክአፕ ላይ ወጥቶ፣ የደረቀውን ደም በጩቤ እየፋቀ በጨርቅ ሲቋጥር ጠባቂዎቹ ያዙት። ሚስቱ ደግሞ ለፍየሎቼ ስማቸውን እየጠራች መልካም ዕድል ተመኘችልኝና ጠቀሰችኝ። መንደሩ ሁሉ ናሲዬኩ ደብቃለች ብሎ አምኗል። ለከበሩ ሰዎች ያለኝ አክብሮት በዚያ ሰሞን አለቀ።

የዚያን ዕለቱን ሽርጤን ሳጥበው ሰነበትኩ። በአመድ አሸሁት፣ በሳሙና ዘፈዘፍኩት፤ ጀርባው ላይ የቀረው እድፍ አልለቅም አለ። አጥሩ ላይ አሰጣሁትና ሥራ ሄድኩ። ስመለስ እድፍ ያለበት ቦታ በስለት ተቆርጦ ተወስዷል፤ በቀዳዳው ሰማይ ይታያል። ደሜ ፈላ። በቀጥታ ሌቶይዬ በረት ሄጄ በሩን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩት። ምንም የለም።

የተቆረጠውን ጨርቅ ያገኘሁት የራሴ ፍየሎች በረት በር ላይ ነው። ከአናቱ ተቋጥሮ ታስሯል፤ አስተሳሰሩ የአማቴ ነው፣ የቅሏን ክዳን የምታስርበት ቋጠሮ። እሷ ጥላው ሥር ተቀምጣ ታየኛለች።

«እማማ፣ ይሄን ግማት ይፍቱልኝ። የሌቶይዬን ነገር እቤቴ አልፈልግም።»

«የሌቶይዬ አይደለም» አለች። «እሱ ነጥቋት ነበር። አንቺ ግን ልጇን መለስሽላት፣ አሽታ አውቃ፣ እንግዴ ልጁን በፈቃዷ ትታልሽ ሄደች። አባቴ ዛፍ ላይ ሆኖ የጠበቀው ይሄንኑ ነው። ካልፈለግሽ እጅ አለሽ፣ ፍቺው።»

እጄን ዘረጋሁ። ቋጠሮው ጋ ደረሰ። ያን ጊዜ ፍየሎቼ ከግጦሽ ተመለሱ፤ ጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፣ ከፊት የምትመራው አርግዛ ሆዷ ብቻ ነው የሚታየው። በሥሩ አልፋ ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት። እጄ እዚያው እንደተዘረጋ ሁሉም ገብተው አለቁ።

ጨርቁ ዛሬም እዚያው አለ። ዝናብ መታው፣ ፀሐይ አደረቀው፣ ሽታው ግን አልሄደም። ጠዋትና ማታ አፍንጫዬን ይዤ በሥሩ እገባለሁ፣ በሥሩ እወጣለሁ።